«ወይም» እና «ያላገኘ»



መድረሳ ፊቅህ የቀራን፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ የተማርን ልጆች ዛሬ ሃስኬል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ስናጠና አንድ የምናውቀው ነገር አገኘን፤ የምርጫ ኦፕሬተር።

ኦፕሬተሩ ሁለት ስሌቶችን በምርጫ ያያይዛል። ሁሉም የሚስማማባቸው ሕጎቹ ሁለት ናቸው። ሦስት አማራጮች ሲደረደሩ የፊተኞቹ ሁለቱ ቀድመው ቢጣመሩም የኋለኞቹ፣ ውጤቱ ያው ነው። ሁልጊዜ የሚከሽፍ «ባዶ» አማራጭም በግራም ሆነ በቀኝ ቢጨመር ምንም አይለውጥም። ግራና ቀኙን ማቀያየር ግን በሕጉ ውስጥ የለም። ሊስት ላይ ሁሉም አማራጮች አብረው ይቆያሉ፤ ሜይቢ በሚባለው ዓይነት ግን ግራው ከተሳካ ቀኙ ጨርሶ አይታይም።

አሁን የመሐላ ከፋራን እናስታውስ (አል-ማኢዳ 5፥89)። አሥር ሚስኪኖችን ማብላት፣ «አው» ማልበስ፣ «አው» ባሪያ ነፃ ማውጣት። እዚህ መራጩ የማለው ሰው ነው፤ ዑለማዎች ተኽዪር ይሉታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚሁ ሄርማታ ገበያ ባሪያ ይሸጥ ነበርና ሦስተኛው አማራጭ ለጅማ ሰው በእጁ ያለ ነገር ነበር። ዛሬ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ባዶ ሆኗል፤ የቀሩት ሁለቱ ግን እንዳሉ ናቸው።

ከዚያ አንቀጹ ቃሉን ይለውጣል፤ ያላገኘ ሦስት ቀን ይጾማል። ይህ ተርቲብ ነው፣ ቅደም ተከተል።

ዶርም ውስጥ ግን «ወላሂ ብዬ ነበር፣ በቃ ሦስት ቀን እጾማለሁ» ሲባል እንሰማለን። ይህን በሜይቢ ብንጽፈው ጾሙ በግራ ይቆማል። ጤነኛ ተማሪ መጾም ስለማያቅተው ግራው ሁልጊዜ ይሳካል፤ ማብላት ተራው አይደርስም። ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፣ ፕሮግራሙም ይሠራል። አሥሩ ሚስኪኖች ግን አልበሉም።

የሚከብደው «ያላገኘ» የሚለው ማንን እንደሚጨምር ማወቁ ነው፤ ይህንን ኮድ አይመልስም። ፉቀሃዎች የሚያዩት ለራስና ለቤተሰብ ከሚያስፈልገው የተረፈውን ነው። በካፌ የምንበላ፣ ከቤት ትንሽ ብር የሚላክልን ተማሪዎች የት ነን? የወሩ የኢንተርኔት ፓኬጃችን ለስንት ሚስኪን ምሳ እንደሚሆን አስልተን ለኡስታዝ ይዘን ብንሄድ ጥያቄው ይቀልለታል።