እጄን ያጋለጠ አምፕ

ሳቢያን ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ለዓመታት በትራንዚስተር አምፕ ጊታር ስጫወት፣ ቀስ ብልም ባጠብቅም ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ጠባዩ አይለወጥም ነበር። አንድ እሑድ እንግዳ ወንድም ባለ ቲዩብ ፌንደሩን አዋሰኝ። ቲዩቦቹ እስኪሞቁ ጠብቀን ድምፁን ከፍ አደረግን። ክሩን ቀስ ብዬ ስነካው ጠራ፤ አጥብቄ ስመታው ሻከረ።

እ.ኤ.አ. በ1962 ለንደን ውስጥ የተሠራው የመጀመሪያው ማርሻል ከፌንደር ቤዝማን የተቀዳ ነው፤ የሮክ ተጫዋቾች የወደዱለት ይህንኑ መሻከር ነበር። በእኛ አምልኮ ግን የጉባኤውን ዝማሬ ዋጠው። ለካ እጄ ሁልጊዜ ይቸኩል ነበር! ሳለዝበው የእናቶች ድምፅ ተሰማ።

አምፑ ከባለቤቱ ጋር ሄዷል፤ እኔ ግን በአሮጌው ትራንዚስተርም ቀስ ብዬ እነካለሁ። ጊታር የያዛችሁ ወጣቶች፣ አዲስ አምፕ ከመመኘታችሁ በፊት እጃችሁን ስሙት።