የዘለበቱ ጀርባ

አሮጌ የወታደር ዕቃ መሰብሰብ እወዳለሁ። ቁልፍ፣ ኮዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀበቶ ዘለበት። አሶሳ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። በወረራው ዘመን የጣሊያን ጦር ሰፍሮባት ነበር፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም ከቤልጂየም ኮንጎ የመጡ ወታደሮች አስለቀቋት። ስለዚህ ገበያ ላይ የተገኘ የዛገ ብረት ሁሉ «የጣሊያን ጊዜ» ይባላል። ብረት አፍ ቢኖረው ግማሹ «እኔ የአምና ነኝ» ባለ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ዘውድ የጫነ አንበሳ ያለበት የናስ ዘለበት አመጣልኝ። «ኡስታዝ፣ አጎቴ በ1970 ዓ.ም ኦጋዴን ሲዘምት የታጠቀው ነው» ብሎ ማለልኝ። ዘጠኝ መቶ ብር ከፈልኩት። ማሰብ የጀመርኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። የዘውዱ ሥርዓት የወደቀው በ1967 ዓ.ም ነው፤ ከሰንደቅ ዓላማው አንበሳ ላይም ዘውዱ ወርዷል። እርግጥ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ወታደር የቆየ ትጥቁን በአንድ ቀን አይጥልም። እንግዲህ የሚጠየቀው ዕቃው ራሱ ነው።

ዕቃ ደግሞ የሚጠየቀው በጀርባው ነው። ይህን ያስተማረኝ ከመንጌና ከኩርሙክ የሚመጣ ወርቅ የሚገዛ ጎረቤቴ ነው፤ ብልጭታውን ትቶ ይገለብጣል፣ በእጁ ይመዝናል። ከስስ ናስ የተሠራ የፋብሪካ ዘለበት በማሽን ተመትቶ ስለሚወጣ ከፊት ያበጠው ከኋላ ይሰረጉዳል፤ የአንበሳውን ጅራት በጀርባው በኩል በጣትህ ታገኘዋለህ። አስመሳዩ ግን የእውነተኛውን ቅርጽ አሸዋ ላይ አትሞ የቀለጠ ናስ ያፈስበታል። ጀርባው ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ፈንጣጣ እንደነካው ፊት ይቦረቦራል፣ የጎፈሩ ፀጉር ይደበዝዛል። ጥንቱንም በማፍሰስ የተሠሩ እውነተኛ ዘለበቶች አሉና፣ አንባቢ ሆይ፣ በአንድ ምልክት ብቻ አትፍረድ። እርጅናውንም እይ። እውነተኛ ዘለበት የሚያልቀው ነገር በሚነካካው ቦታ ነው፤ በአንበሳው አፍንጫ፣ በጠርዙ፣ ቆዳው በሚያልፍበት ዘንግ። የእኔው ፊቱ ሁሉ እኩል ጠቁሮ ሳለ ዘንጉ ላይ የሞረዱ ጭረት ገና አልጠፋም ነበር። ቀበቶ ገብቶበት አያውቅም።

ዓመት ሳይሞላ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ አየውና «ኡስታዝ፣ ሦስት ሺህ ብር ልስጥዎት» አለኝ።

ወላሂ ዝም አልኩ። እውነተኛ ነው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልዋሸሁም። ነፍስ እንዲህ እያለች ነው የምታባብለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ከእህል ክምር ውስጥ ከተው እርጥበት ያገኙበትን ሐዲስ ለስንት ተማሪ አስተምሬአለሁ! ያም ነጋዴ እርጥቡን ከሥር አደረገ እንጂ በአፉ አልዋሸም ነበር።

ቡና ይዛ የገባችው ትንሿ ልጄ ዘለበቱን አየችና «አባ፣ ይሄ የውሸቱ አይደል?» አለች።

እንግዳው ሳቀ፤ እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። ዘለበቱን ገልብጬ ጀርባውን አሳየሁት፣ ስንት እንደገዛሁትም ነገርኩት። ቡናውን ጠጥቶ፣ ሳይገዛ፣ በሰላም ተለያየን።

ከእኔ በኋላ በማን እጅ እንደሚገባ አላህ ነው የሚያውቀው። በዚያው ምሽት ለልጄ ምስማር ሰጠኋት፤ ጀርባው ላይ «ቅጂ» ብላ ጻፈችበት። «ጂ»ዋ ትንሽ ተንጋዳለች።