የአደራው ኢጓና

ባለፈው የመጋቢት ዕረፍት፥ በቴክሳስ አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖር ሁለት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አንድ አደራ ተቀበልን። ቤቱን የሚጋራን አሜሪካዊ ጓደኛችን ወላጆቹን ሊጠይቅ ሲሄድ አረንጓዴ ኢጓናውን ትቶልን ሄደ። ኢጓና አይቶ ለማያውቅ አንባቢ፥ በጀርባው ላይ እሾህ የደረደረ፥ ጅራተ ረጅም፥ ትልቅ እንሽላሊት ነው። ትእዛዙም አጭር ነበር፤ ጎመን ይከተፍለት፥ ዱባ ይፈቅፈቅለት፥ የሚሞቀው መብራትም ቀን ቀን አይጥፋበት።

ጊዜው የሁዳዴ ጾም ስለ ነበር የእኛም ማዕድ ያው ጎመን ነው። «ዓመቱን ሙሉ የሚጾም ጓደኛ አገኘን» እያልን ሳቅን። ነገር ግን የሥነ ጽሑፍ ተማሪ መጽሐፍ ሳያገላብጥ አያድርምና፥ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1835 ዓ.ም. በጋላፓጎስ ደሴቶች ስላያቸው ኢጓናዎች አነበብን። እነዚያ ባሕር ውስጥ እየጠለቁ ከቋጥኝ ላይ አልጌ ይግጣሉ፤ የተረፋቸውንም ጨው በአፍንጫቸው እፍ ብለው ያስወጡታል። «እንግዲህ ይህ ምስኪን ያገሩ ምግብ ናፍቆት ይሆናል» አልን። ያገር ምግብ መናፈቅ ምን እንደ ሆነ እናውቃለንና፥ ከሰፈሩ ኩሬ አልጌና የውሃ ላይ ቅጠል በሳህን ሞልተን አመጣንለት።

በምላሱ ነካ አድርጎ ተወው። እኛ ግን እንቢታውን ከቁም ነገር ሳንቈጥር ከጎመኑ ጋር ከትፈን ቀላቀልንበት። በሦስተኛው ቀን አስቀመጠው፤ ዐይኑንም ጨፍኖ ዋለ።

በፎጣ ጠቅልለን ወደ እንስሳት ሐኪም ስንሮጥ የፈራነው ለእንስሳው ብቻ አልነበረም። ያ ልጅ ኢትዮጵያን የሚያውቃት በእኛ ነው፤ አደራ በላ መባልን ፈራን።

ሐኪሟ አልተቈጡንም። ስማቸው ቢመሳሰልም የባሕሩና የዛፉ ኢጓና የተለያዩ ፍጥረቶች እንደ ሆኑ፥ የእኛው ዘሩ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ደን መሆኑን፥ አንጀቱም የለመደው የዛፍ ቅጠል መሆኑን ነገሩን። የኩሬ ውሃ የተባይ መድኃኒት ሊኖርበት፥ አንዳንዱም አልጌ መርዝ ሊኖረው ይችላል አሉ። ቈይተን እንዳነበብነው፥ እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. ባሕሩ በኤልኒኞ ሲሞቅ፥ የለመዱት አልጌ ጠፍቶ ለመፍጨት የሚያስቸግር ሌላ ዓይነት በመብቀሉ፥ የጋላፓጎሶቹ ራሳቸው በብዛት አልቀዋል። በአልጌ የሚኖረውንም እንኳ የገደለው ያልለመደው አልጌ ነበር ማለት ነው።

ኢጓናው ከቀናት በኋላ ዳነ። ጓደኛችን ሲመለስ ሁሉንም ሳንደብቅ ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማና «አልበላም ሲላችሁ ለምን አላመናችሁትም?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም።

ግማሽ ምዕራፍ አንብበን ለሌላው የሚበጀውን ከራሱ ይልቅ እናውቃለን ያልን እኛ ነን፤ ይህ ስሕተት ኢጓና በሌለበትም ቤት የሚሠራ ይመስለናል። ዛሬ ከትፈን የምንሰጠው የታዘዝነውን ብቻ ነው። ጎመን በጤና።