ጥቁርና ቀይ፦ ለዕለት ደብተር ስንት ብዕር ይበቃል?

«ቡሌት ጆርናል» በሚባለው ሥርዓት ተግባራችሁን፣ ቀጠሯችሁንና አሳባችሁን በአንድ ደብተር ለመያዝ የቈረጣችሁ ሁሉ፣ ደብተሩን ከገዛችሁ በኋላ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ስለ ብዕር መሆኑን አስተውያለሁ፤ ጀማሪው ሰው ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብቶ ባለ ዐሥራ ሁለቱና ባለ ሃያ አራቱ ማርከር በየመልኩ ተደርድሮ ባየ ጊዜ፣ ሥርዓቱ ያለዚያ ሁሉ ኅብረ ቀለም የማይፈጸም ይመስለዋልና። እኔ ግን ሁለት ብዕር፣ ማለትም አንድ ጥቁርና አንድ ቀይ፣ ይበቃል እላለሁ። ይህንንም የምለው ገንዘብ ለመቈጠብ ብቻ አይደለም፤ በዚህ በወሎ ምድር ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ በብራናና በወረቀት የደከሙ ጸሐፍት ስለ ቀለም የደረሱበት ፍርድ፣ ዛሬም ለእኛ ደብተር የቀና መስሎ ስለሚታየኝ ነው።

አስቀድሞ ዘዴው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ እንመልከት። የሥርዓቱ መሥራች ራይደር ካሮል የተባለ በኒው ዮርክ ብሩክሊን የኖረ የንድፍ ባለሙያ ሲሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አሳቡን በአንድ ነገር ላይ ሰብስቦ ማቆየት ይቸግረው ስለ ነበር ለራሱ መርጃ ያበጀውን ዘዴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ለሕዝብ ገለጸ፤ በ2018ም በመጽሐፍ አሳተመው። በዚህ ዘዴ ሊሠራ የሚገባው ነገር በነጥብ፣ በዕለቱ የሚውለው ጉዳይ በክብ፣ ሊታወስ የሚገባው አሳብ በአጭር ሰረዝ ይጀመራል፤ ሥራው ሲፈጸም ነጥቡ ወደ ኤክስ ይለወጣል፤ ሳይፈጸም ወደሚቀጥለው ወር ቢሸጋገርም ወደ ቀኝ የሚያመለክት የቀስት ራስ ይሆናል። ከነዚህ ትእምርቶች አንዱ ስንኳ ልዩ ቀለም አይጠይቅም፤ ነጥቡን የጻፈው ብዕር ራሱ ኤክስ ያደርገዋል። ሰው አንዲት መስመር ለመጻፍ የትኛውን ቀለም ላንሣ ብሎ በሚያመነታበት ቅጽበት ልቡናው ይበተናል፤ ዘዴው የተፈጠረው ደግሞ ይህንኑ መበተን ለማስቀረት ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ጸሐፍት እንመለስ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ትምህርት ካስፋፉበት ጊዜ ጀምሮ የመጻሕፍት ማኅደር ሆኖ የኖረ ስፍራ ነው፤ እርሳቸው በ1273 ዓመተ ምሕረት ያስጻፉት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍም እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚህ ትውፊት ያደገ ጸሐፊ ለሥራ ሲቀመጥ የቀለም ቀንዶቹን በአጠገቡ ይተክላል፤ በአንዱ ከጥቀርሻ ተዘጋጅቶ ሲብላላ የከረመው ጥቁር፣ በሌላው ቀዩ ይቀመጣል፤ ቀለሙም እንዳይደባለቅበት ለጥቁሩና ለቀዩ የመቃ ብርዑን ለየብቻ ይቀርጻል። የመጽሐፉ ሐተታ ሁሉ በጥቁር ይሄዳል። በቀይ የሚጻፈው ግን የክፍሉ መጀመሪያ መስመር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም፣ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም፣ በቍጥሮችና በአራት ነጥቦች ላይ የሚታከለው ምልክት ነው። ስለዚህም አንባቢው ከሰፊው ገጽ ላይ ዐይኑን በጣለ ጊዜ ንባቡ ከየት እንደሚጀምር፣ ማን እንደሚመሰገን፣ ማን እንደሚለመንለት ሳይደክም ያገኛል። ቀዩ ለጌጥ አልገባም፤ ጥቁሩ ብቻውን ሊናገረው የማይችለውን ነገር ስለሚናገር ገባ እንጂ።

ይህ ሥርዓት በገዳማት ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በዳናና በጀማ ንጉሥ የእስልምና የትምህርት ማዕከሎች ለሼሆች የተቀመጡ ደረሶችም ቁርኣንን በእንጨት ሉሕ ላይ በጥቁር ቀለም እየጻፉ፣ ያጠኑትንም አጥበው በስፍራው አዲስ እየጻፉ አድገዋል፤ በኪታቦቹም ዘንድ ሐተታው በጥቁር፣ ርእሱና የሚተረጐመው ዋና ቃል በቀይ መጻፉ የተለመደ ነው። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ ሊቃውንት አማርኛ መንዙማ በዐረብ ፊደል በደረሱበት በዚህ አገር፣ ሁለቱ ሃይማኖቶች በፊደል ቢለያዩም በቀለም ፍርድ ተስማምተዋል፤ ይህም መስማማት ሁለት ቀለም የድኽነት ምልክት ሳይሆን የማስተዋል ፍሬ መሆኑን ያሳየኛል።

እንግዲህ ጥቁሩ ብዕር ምን ዓይነት ይሁን? በኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ይመዘናሉ። የመጀመሪያው ፊደላችን ነው። የግእዝ ፊደል አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየው በትንሽ ቅጥያና በትንሽ ቀለበት በመሆኑ፣ የቤ፣ የሌና የቄ ቀለበት በወፍራም ጫፍ ሲጻፍ ይደፈንና ኀምሱ ከሣልሱ ጋራ ይምታታል፤ ስለዚህ በደብተር ጠባብ መስመር ለሚጽፍ ሰው 1.0 ሚሊ ሜትር ከሆነው ጫፍ ይልቅ 0.7 ወይም 0.5 የሆነው ይሻላል። ሁለተኛው ወረቀቱና ዝናሙ ነው። በየሱቁ የምናገኘው ደብተር አብዛኛው ስስ ነውና ፈሳሽ ቀለም ወደ ጀርባው ያሳልፋል፤ በደሴ ክረምት ደግሞ በጦሳ ተራራ ሥር ደመናው ከከተማው ላይ ሳይነሣ ሲውል፣ የራሰ እጅ የነካው የውኃ ቀለም ወዲያው ይፈስሳል። የቅባት ቀለም ያለው ተራ እስክሪብቶ ግን ወረቀቱንም አያሳልፍም፣ በውኃም ቶሎ አይለቅም። ላዝሎ ቢሮ የተባለው የሀንጋሪ ጋዜጠኛ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1938 ይህን ዓይነት ብዕር በስሙ ያስመዘገበው፣ የጋዜጣ ማተሚያ ቀለም እንዴት ቶሎ እንደሚደርቅ አስተውሎ ነበር።

ሦስተኛው መንገዳችን ነው። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም በከፍታ 600 ሜትር ያህል ይበላለጣሉ፤ በአንዱ ከተማ አድሮ በሌላው የሚሠራ ሰውም ይህን ልዩነት በየቀኑ ይወጣል፣ ይወርዳል። ግማሹ ቀለም፣ ግማሹ አየር የሆነ ባለ ቀለም ብዕር በኪስ ይዞ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ በወጣ ጊዜ፣ የውጭው አየር ግፊት ሲቀንስ በብዕሩ ውስጥ የታሸገው አየር ይሰፋና ቀለሙን ገፍቶ ያስተፋዋል። እስክሪብቶ ግን ቀለሙ ወፍራም፣ ቱቦውም በስተኋላ ክፍት በመሆኑ ግፊቱ ከውጭው ጋራ ይስተካከላል፤ አቀበቱም አያውከውም። ባለ ቀለም ብዕር የሚወድ ሰው ቢኖር በቤቱ ያኑረው፤ ይዞት ሊሄድ ግድ ቢሆንበትም ሞልቶ፣ ጫፉንም ወደ ላይ አድርጎ ይያዘው።

ቀዩን ብዕር ደግሞ የዘመን አቈጣጠራችን ይፈልገዋል። ከውጭ ታትሞ የሚመጣው አጀንዳ በጃንዋሪ ጀምሮ በዲሴምበር ሲያልቅ፣ ይህ ዘዴ ገጹን ባዶ አድርጎ ስለሚሰጠን፣ ዓመቱን ከመስከረም 1 ለመጀመር፣ ለጳጉሜንም የራሷን ገጽ ለመስጠት፣ የቀኑን ሰዓት እንደ ልማዳችን ከንጋት ለመቍጠር ነፃነት አለን። መስከረም 17ን፣ ኅዳር 12ን፣ ጥር 11ን በቀይ መጻፍ፣ በጨረቃ ስለሚቈጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድመው የሚመጡትን የዒድ በዓላትም እንዲሁ በቀይ ማኖር ይገባል፤ በአንድ ግቢ የምንኖር ጎረቤታሞች አንዳችን የሌላውን በዓል በደብተራችን የምናከብርበት መንገድ ነውና። ከበዓላት ሌላ ቀይ የሚገባው፣ ቢያልፍ የማይመለስ ነገር ብቻ ነው፤ የፈተና ቀን፣ የግብር መክፈያ መጨረሻ፣ የሕመምተኛ መድኃኒት የሚያልቅበት ዕለት። ገጹ ሁሉ በቀይ በተሞላ ጊዜ ቀይ መናገሩን ይተዋል፤ ስለዚህ በቀይ የምንጽፈው ባነሰ መጠን የቀዩ ሥልጣን ይጸናል።

ብዙ ቀለም የሚወዱትን ሰዎች አልነቅፍም። ሐረግ የሚስሉ የጥንት ሠዓልያንም ቢጫና ሰማያዊ፣ አረንጓዴም ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ቀለም ለሥዕሉና ለሐረጉ አድርገው ንባቡን ለጥቁሩና ለቀዩ ተዉት። እናንተም መሳል ደስ የሚያሰኛችሁ እንደ ሆነ ለሥዕሉ የተለየ ወረቀትና የተለየ ሰዓት ስጡት፤ የዕለቱ ገጽ ግን በሥራ መካከል፣ በታክሲ ወረፋ፣ በስብሰባ ጊዜ የሚጻፍ ነውና ፈጣንና ግልጥ ሆኖ ይኑር። ሦስተኛ ብዕር ለመግዛት በተነሣችሁ ጊዜም፣ ከመክፈላችሁ በፊት በደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጻፉ፦ ይህ ቀለም ጥቁሩና ቀዩ የማይናገሩትን ምን ይናገርልኛል? መልሱ በአንድ መስመር ግልጥ ሆኖ ከተጻፈ፣ ብዕሩን በሙሉ ልብ ግዙት፤ ከዚያም በኋላ ለዚያ ትርጉም ብቻ አውሉት። መልሱ ካልተጻፈ ግን በመደብሩ ተዉት፤ በእጃችሁ ያሉት ሁለቱ ሥራውን ይፈጽማሉ።