ከኪልት ጋር የሚሄድ ጫማ
የስኮትላንድ ጉዞ ማስታወሻ



ውድ አንባብያን! ጉዞ ትምህርት ቤት ነው። ሰው ከአገሩ ሲወጣ የማያውቀውን ያያል፤ የሚያውቀውንም እንደ አዲስ ይመረምራል። እኛም ወደ ስኮትላንድ በሄድንበት ወቅት በአንድ ጥንድ ጫማ ሰበብ ያገኘነውን ትምህርት ልናካፍላችሁ ወደድን።

የሄድንበት ጉዳይ ሠርግ ነበር። ግላስጎው ከተማ ለረጅም ዓመታት የኖረው አጎታችን የበኩር ልጁን ሊድር ነው። ሙሽሪት እስልምናን የተቀበለች የዚያው አገር ልጅ ናት። ኒካሑ ግላስጎው ውስጥ፣ ወሊማው ደግሞ ዘመዶቿ በሚኖሩበት በፎርት ዊልያም አቅራቢያ ባለ የገጠር አዳራሽ እንዲሆን ተወስኗል። ከቤት ስንደርስ ግን የሠርግ ቤት ድምቀት አላገኘንም። አባትና ልጅ ተኳርፈዋል።

«ልጄ በሠርጉ ቀን ቀሚስ ሊለብስ ነው!» አለን አጎታችን ገና ሻንጣችንን ሳናስቀምጥ።

ቀሚስ ያለው ኪልትን ነው። ኪልት የስኮትላንድ ወንዶች ከወገባቸው ጠምጥመው እስከ ጉልበታቸው የሚያደርሱት፣ ከኋላው የተሸነሸነ የሱፍ ልብስ ሲሆን በደንብ የተሠራው ሰባት ሜትር ያህል ጨርቅ ይፈጃል። የብሪታንያ መንግሥት ከተራራማው አገር ዐመፅ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1746 ይህን አለባበስ በሕግ ከልክሎ እስከ 1782 ድረስ ክልከላው ጸንቶ ቆይቷል። ለአገሬው ሰው ኪልት የወንድ፣ ያውም የክብር ልብስ ነው። ሙስሊሞችም ቢሆኑ ባዕድ አላደረጉትም። እ.ኤ.አ. በ2012 የእስልምና ታርታን ተብሎ የታወቀ ጥለት ወጥቷል፤ አምስት ነጭ መስመሮቹ የእስልምናን ማዕዘናት፣ ስድስት ወርቃማ መስመሮቹ የኢማንን ማዕዘናት እንዲያመለክቱ ተደርጎ። ልጁ የመረጠውም ይህንኑ ነው።

«አባዬ፣ እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው። ዲኔን አልተውኩም፤ ሶላቴንም አልተውኩም። የአገሬን ልብስ በሠርጌ ቀን ብለብስ ምን አጠፋሁ?» ይላል ልጁ።

አጎታችን ወደ እኛ ዞሮ «አንተ ቂርአቱንም ቀለሙንም የቀመስክ ነህና ፍረድ» አለን። እኛ ሙፍቲ አይደለንም። ፈትዋውን ለመስጂዳቸው ኢማም ትተን የተማርነውን ብቻ አስታወስነው። ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በተቡክ ዘመቻ ጉዞ ላይ እጅጌው የጠበበ የሻም ጁባ ለብሰው ነበር። ሻም ደግሞ ያኔ በሩሞች እጅ ነበረች። ውዱእ ሲያደርጉ እጅጌው ስለጠበባቸው ክንዳቸውን ከጁባው ሥር አውጥተው አጠቡ እንጂ የሌላ ሕዝብ ሥራ ነው ብለው ልብሱን አልተውትም።

ቀጥለንም «አጎታችን፣ በወጣትነትህ ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ስትወርድ ምን ነበር የምትለብሰው?» አልነው።

ዝም አለ። ከዚያ ፈገግ እያለ «ሽርጥ» አለ።

«ዐውራውስ?» ሲል ጠየቀ ቆየት ብሎ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። በአብዛኞቹ ዑለሞች ዘንድ የወንድ ዐውራ ከእምብርት እስከ ጉልበት ያለው ነው። በሐነፊያ መዝሀብ ጉልበቱ ራሱ ከዐውራ ይቆጠራል። ኪልት ደግሞ በልማዱ የጉልበት አጋማሽ ላይ ያበቃል፤ ሩኩዕና ሱጁድ ላይም ከኋላ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከሥሩ ከጉልበት በታች የሚወርድ ቁምጣ ሱሪ እንዲለበስ ተስማማን። ከኪልት ሥር ምንም አይለበስም የሚለው የአገሬው ቀልድ ለሙስሊም አይሠራም! ኢማሙም ተጠይቀው በዚህ መልክ ፈቀዱ። አጎታችን በመጨረሻ «እንግዲያው ጫማውን እኔ እመርጣለሁ» አለ። ሦስት ሆነን ወደ ሱቅ ሄድን።

ሽማግሌው ሻጭ መጀመሪያ ያወጡልን ጊሊ ብሮግ የሚባለውን ጥቁር ጫማ ነው። «ብሮግ» በጌሊክ ቋንቋ ጫማ ማለት ነው። ጊሊ ብሮግ ምላስ የለውም፤ ረጅም ማሰሪያው ከቁርጭምጭሚት በላይ ተጠምጥሞ ይታሰራል። ያማረ ነው፤ ነገር ግን የአዳራሽ ጫማ ነው። ሶሉ ስስና ልስልስ በመሆኑ እርጥብ ሣር ላይ ያንሸራትታል። አጎታችን ማሰሪያውን ሲያይ «ይህን መስጂድ በር ላይ ፈትቶ እስኪጨርስ ኢማሙ ያሰላምታሉ» ብሎ ሽማግሌውን ሳይቀር አሳቀ።

ቀጥሎ የቀረበልን የገጠር ጫማ ነበር። ቡናማ ነው፤ ቆዳው ጭረትና ውኃ እንዳይጎዳው ወፍራምና ችፍ ችፍ ያለ ነው። የላዩ ቆዳና ሶሉ በሙጫ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው በተሰፋ የቆዳ ጠርዝ ተያይዘዋል። እንዲህ ያለው ጫማ ሶሉ ሲያልቅ ተፈትቶ በሌላ ይተካል፤ ጫማው ዓመታትን ይቆያል። ሶሉ ጥልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ነው። የዚህ ዓይነቱን ሶል ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሠራው፣ ጓደኞቹ በማይሆን ጫማ ተራራ ላይ በብርድ ካለቁበት አደጋ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን አጣራን፤ ወላጆችም ለልጆቻቸው ጫማ ሲገዙ ቢያስተውሏቸው መልካም ነው።

የመጀመሪያው ገበሩ ነው። የብዙ ጫማዎች ገበር ከአሳማ ቆዳ ይሠራል። በአብዛኞቹ ዑለሞች አስተያየት ደግሞ የአሳማ ቆዳ በመልፋት አይጠራም። ጫማው ላይ የሚለጠፈው የቆዳ ምልክት ቆዳ መሆኑን እንጂ የምን እንስሳ መሆኑን አይናገርም። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ፣ ገበሩንም ብርሃን ላይ አድርጎ ማየት ይበጃል። የአሳማ ቆዳ ላይ የጸጉር ቀዳዳዎች ሦስት ሦስት ሆነው በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይታያሉ። አንዱ ያማረ ጫማ በዚህ ምክንያት ተመለሰ። ሽማግሌው ሳይከፉ ገበሩ የጥጃ ቆዳ የሆነውን ፈልገው አመጡ።

ሁለተኛው ቁመቱ ነው። ቅድም ባነሳነው የሙጊራ ሐዲስ ውስጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኹፋቸውን በጦሃራ ላይ ሆነው ስለተጫሙት ሳያወልቁ በላዩ አብሰዋል። ለዚህም ጫማው ንጹሕ፣ ለመሄጃ የሚበቃ ጠንካራ፣ ቁርጭምጭሚትንም የሚሸፍን መሆን አለበት። ለነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊታቸው ይፈቀዳል። አጭሩ ጫማ ቁርጭምጭሚትን ስለማይሸፍን ቡትሱ ተመረጠ። ከትዊድ ጃኬትና ከወፍራም የሱፍ ካልሲ ጋርም ለኪልት የሚስማማው እሱው ሆነ። ልጁ በዚያው ወፍራም ካልሲ ለካው፤ ከአውራ ጣቱ ፊት የአንድ ጣት ስፋት ተረፈ። ከዚያም ቤት ውስጥ በየቀኑ እየተጫማ አለማመደው። አዲስ ጫማ በሠርግ ቀን መጀመር ራስን መቅጣት ነውና።

የወሊማው ቀን በሎክ ሎሞንድ ሐይቅ ዳር፣ በራኖክ ረግረግና በግሌንኮ ሸለቆ አልፈን ፎርት ዊልያም ገባን። ዝናቡ ይወርዳል። ከብሪታንያ ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው 1345 ሜትሩ ቤን ኔቪስ በደመና ተሸፍኖ ግርጌው ብቻ ይታያል። ከመኪናው እስከ አዳራሹ ያለው መስክ ጨቅይቷል። ሙሽራው ኪልቱን ለብሶ፣ ቡትሱን ተጫምቶ ሽማግሌ እየደገፈ ይመላለሳል። አጎታችን ግን የሚያብረቀርቅ የከተማ ጫማውን አድርጎ ነበርና ገና ሦስተኛው እርምጃ ላይ አዳልጦት ጭቃው ውስጥ ተቀመጠ። ልጁ ሮጦ አነሣው።

ዐስር ሲደርስ በጓሮ ባለው የቧንቧ ውኃ ውዱእ አደረግን። ውኃው አጥንት ይሰብራል። ሙሽራው ጠዋት ውዱእ ላይ ሆኖ ስለተጫማ ቡትሱን በእርጥብ እጁ አብሶ ጨረሰ። አጎታችን የራሰ ካልሲውን አውልቆ እየተንቀጠቀጠ እግሩን ሲያጥብ ልጁን ቀና ብሎ አየውና «አንተ ቀሚስ ለብሰህ ቆምክ፤ እኔ ሱሪ ለብሼ ወደቅኩ» አለው። ሁለቱም ሳቁ። እኛ እዚያ ቤት ከገባን ወዲህ አብረው ሲስቁ ያየናቸው ያኔ ነው። ሶላቱንም ሙሽራው ራሱ አሰገደን።

ማታ ወደ ማረፊያችን ስንገባ ልጁ እንግዶቹን እየሸኘ ነበር። አጎታችን ጋዜጣ ዘርግቶ የልጁን ቡትስ ጭቃ በጨርቅ ይጠርጋል። ውስጡ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ከእሳቱ አርቆ ወረቀት ጠቀጠቀበት፤ ቆዳ እሳት ካገኘው ይሰነጠቃልና። ነገ ሲደርቅ የሚቀባውን ቀለምም አጠገቡ አስቀምጧል።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችን ባደጉበት አገር ልብስ ፊት ሲቆሙ «አይሆንም» ከማለታችን በፊት የቱ ሐራም፣ የቱ እኛ ያልለመድነው ብቻ እንደሆነ እንለይ። እናንተም ወጣቶች፣ የአባቶቻችሁ ቁጣ አንዳንዴ ስጋት መሆኑን ተረዱላቸው። የተለየው ነገር በመልካም ንግግር ሲያዝ አብሮ ሱቅ ያስኬዳል።

ወላሁ አዕለም።