እንጀራ ፍለጋ በጭላሎ ሥር

ከአዳማ ተነስቶ በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣ መንገደኛ ከተማዋን ከማየቱ በፊት መተዳደሪያዋን ያያል፤ ግራና ቀኙ ስንዴና ገብስ ነው። የአርሲዋ አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ሥራም ሆነ ክፉና ደግ የሚመጣባት በአብዛኛው ከዚሁ ማሳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የብቅል ፋብሪካው ሲቆም ከተማዋ የራሷ የምትለው ኢንዱስትሪ አገኘች። የአርሲ ገበሬ ያመረተው የቢራ ገብስ እዚያው ይዘፈዘፋል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ ወደ ቢራ ፋብሪካዎች ይጫናል። ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚከፍል ፋብሪካ ለአንድ ከተማ ትልቅ ነገር ነው። ግን ብቅል ብዙ ሰው አይፈልግም፤ አብዛኛውን ሥራ ውሃ፣ ሙቀትና ማሽን ይሠሩታል። አሁን ደግሞ በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን ትልልቅ የብቅል ፋብሪካዎች ተከፍተዋል። ለገበሬው ገዢ በዛለት፤ ደስ ይላል። ሳይበቅል ተጭኖ ከሚሄደው ገብስ ጋር ግን ሊፈጠር ይችል የነበረው ሥራም አብሮ ይሄዳል።

ማሽንና ሥራ አርሲ ላይ የተፋጠጡት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰዉ «ካዱ» የሚለው፣ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለገበሬው አቀረበ። ምርት ጨመረ። መሬት ዋጋ ሲያወጣ ግን ባለርስቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አባረረ። በቀና ሐሳብ የተጀመረ ልማት የደሃውን ጎጆ ሲያፈርስ ያየ አገር ነው፤ ይህን ሳያስታውሱ ስለ አርሲ ሥራ ማውራት አይገባም።

የዛሬው ባለተራ ኮምባይነር ነው። በመከር ለቀን ሠራተኛ ይተርፍ የነበረውን አጨዳ ጠቅልሎ ወስዷል። በምትኩ ኦፕሬተር፣ ረዳት፣ መካኒክ፣ በያጅ፣ የመለዋወጫ ነጋዴ፣ የእህል ደላላና ጫኝ ፈጥሯል። እህሉ ቆላ ላይ ቀድሞ ስለሚደርስ ማሽኑ ከታች ጀምሮ ወደ ደጋዎቹ ሳጉሬና በቆጂ ይወጣል። ለኦፕሬተሩ ያ የከፍታ ልዩነት የወራት ገቢ ነው። መከሩ ሲያልቅ ግን እጁ ላይ ያለው ገንዘብ እስከሚቀጥለው ዓመት መድረስ አለበት፤ ባጃጅ የሚነዳ ወይም ጋራዥ የሚውል የሚበዛውም ለዚህ ነው።

ከማሳው ውጭ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው የአርሲ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ የቤት ኪራዩን፣ ምግብ ቤቱን፣ ፎቶ ኮፒውን አነቃቅተዋል። በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው የአትሌቲክስ ማሠልጠኛም ሩጫን ሙያ አድርገው ለሚይዙ ወጣቶች በር ነው፤ በሩ ግን ጠባብ ነው።

እኔ ተስፋዬን የምጥለው በብየዳ ቤቶቹ ላይ ነው። አሰላ የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ጎረቤት ናት፤ የእርሻ መሣሪያ የሚፈትሽና የሚያሻሽል የምርምር ማዕከልም እዚያው ከተማዋ ውስጥ አላት። ኮምባይነር የማይገባበት ተዳፋትና ጠባብ ማሳ በጭላሎ ዙሪያ ሞልቷል፤ እዚያ ያለው ገበሬ ዛሬም በበሬ ያበራያል። የመሣሪያ ምርምር ማዕከሉ የሠራውን የመውቂያ ንድፍ ለበያጁ ቢሰጠው፣ ባንኩም ለብረት መግዣ ቢያበድረው፣ ገዢው ተራራው ላይ እየጠበቀው ነው።