ጠመንጃው ወይስ ተኳሹ

ከአባቴ በውርስ ያገኘሁት፥ በሕግም የተመዘገበ አንድ ቤልጅግ ጠመንጃ አለኝ። ይኸውም ከ1928 ዓ.ም. የጠላት ወረራ በፊት መንግሥታችን ከቤልጅግ አገር ካስመጣቸው ሞዜሮች ወገን ነው። አንኮበር ላይ በአባቴ እጅ ሳለ መሳት አያውቅም ነበር። ሥራዬ ወደ ሸዋ ሮቢት በተዛወረ ጊዜ ግን፥ ማሽላ የሚያጠፋባቸውን ከርከሮ እንድመታላቸው ጎረቤቶቼ ቢለምኑኝ፥ ፈቃድ ተቀብዬ ሦስት ጊዜ ተኰስሁ፤ ሦስቱንም ሳትሁ።

ኀፍረቴን ለመሸፈን ስል በሰው ፊት ወደ ልጄ ዞርሁና «ስትወለውለው ጥለኸው ማነጣጠሪያውን አጣምመኸዋል» ብዬ ገሠጽሁት። እርሱም «አልጣልሁትም፥ አባባ» ብሎ አንገቱን ደፋ። እኔ የፍርድ ቤት ጸሓፊ ነኝና የምስክር ቃል ሳይሰማ በሰው ላይ እንዳይፈረድ ሃያ ዓመት ሙሉ በእጄ ስጽፍ ኖሬያለሁ። በቤቴ ግን ያለ ምስክር ፈረድሁ። ይህ ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ።

በማግሥቱ ሰው በማያልፍበት ገደል ሥር ወረቀት ለጥፌ፥ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ፥ ከመቶ እርምጃ አምስት ጥይት ተኰስሁ። የዚህ ምርመራ ጥቅሙ እንዲህ ነው፤ ጥይቶቹ በአንድነት ተሰብስበው ከዒላማው ወደ ጎን ቢወድቁ ጥፋቱ የማነጣጠሪያው ነው፤ ቢበታተኑ ግን ወይ ብሎኑ ላልቷል፥ ወይ አፈሙዙ ተበልቷል፥ ወይ ጥይቱ የተደባለቀ ነው፥ ወይም ጥፋቱ የተኳሹ ነው። የእኔዎቹ እንደ ገለባ ተበታተኑ። ስለዚህ ማነጣጠሪያው፥ ከእርሱም ጋር ልጄ፥ ነጻ ወጡ።

ብሎኖቹን ብነካቸው በጣት የሚዞሩ ሆነው አገኘኋቸው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ እንጨት በእርጥበት እንደሚያብጥ፥ በድርቀትም እንደሚኰማተር ተምሬ ነበር። ከአንኮበር ጉም ወደ ይፋት ቆላ ሐሩር የወረደው ሰደፍ ደርቆ ብረቱን አላልቶት ኖሯል። ብሎኖቹን አጥብቄ፥ ጥይቱንም ከአንድ ሣጥን መርጬ ብተኵስ፥ አምስቱም በመዳፍ ስፋት ውስጥ ገቡ።

ዳሩ ግን ከከረጢቱ አንሥቼ በትከሻዬ ብተኵስ እንደ ገና ሳትሁ። በዚህ ጊዜ ልጄ «አባባ፥ እኔ ላጕርስልዎ» አለኝ፤ ሳያስታውቀኝም በጥይቶቹ መካከል ባዶ ቀለህ አጐረሰ። ምላጩን ስስብ ጠመንጃው አልጮኸም፤ አፈሙዙ ግን ወደ ምድር ሰገደ። ድምፁን ፈርቼ፥ ጥይቱ ሳይወጣ አስቀድሜ እደነግጥ ኖሯል።

በዚያው ምሽት ግሣጼዬን የሰሙትን ጎረቤቶች ጠርቼ፥ ጥፋተኛው እኔ መሆኔን በልጄ ፊት ተናገርሁ። እርሱም ምንም ሳይመልስ አፈሙዙን ሊያጥብ ውኃ ጣደ፤ የአሮጌ ጥይት ቃጠሎ የሚተወውን ጨው ሙቅ ውኃ ካላጠበው ብረቱን ዝገት ይበላዋልና።

አባቶች ሆይ፥ ጠመንጃችሁ ቢስት ብሎኑን፥ ጥይቱንና ማነጣጠሪያውን በየተራ መርምሩ። ልጅን መገሠጽ ግን ከምርመራው በኋላ ይሁን።